የተዘጋ በርና ፖሊስ



በአንድ የነሐሴ ወር ቀን፣ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ስደተኞች ተከራይተው በሚኖሩበት አንድ የቆርቆሮ ግቢ፣ የአንድ ሽማግሌ ክፍል በር ከውስጥ እንደተዘጋ ረፈደ። ሽማግሌው የግቢው ልጅ አዋቂ ሁሉ «ጋሼ» እያለ የሚጠራቸው፣ በ1983 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ጋር ድንበር ተሻግረው የመጡ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ጧት ጧት ከማንም ቀድመው ውሃ የሚቀዱት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ቀን ግን ጀሪካናቸው ከበሩ አጠገብ ባዶውን ቆሞ ቀረ። ጎረቤቶቻቸው አንኳኩ፤ መልስ የለም። ጆሮአቸውን ቆርቆሮው ላይ ሲያደርጉ እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ የሰሙ መሰላቸው፤ ደግሞ ያልሰሙም መሰላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው በዚህ ዕትማችን ልናነሣው የፈለግነው። አንዱ ወጣት «ፖሊስ እንጥራ» አለ። «አንተ ልጅ፣ ፖሊስ ጠርተህ ማንን ልታሳፍስ ነው?» አሉት አንዲት እናት። በግቢው ወረቀት ያላቸውም፣ የሌላቸውም፣ ማመልከቻ አስገብተው ጉዳያቸው ገና ያልታየላቸውም ይኖሩ ነበር። ሌላው «እንግዲያው እኛው በሩን ሰብረን እንግባ» ቢል፣ «ኋላ ገንዘብ ጠፋ ቢባል ማን ይጠየቃል? ሞተው ቢገኙስ ገደለ የሚባለው ማነው?» የሚል መልስ አገኘ። እንዲህ ሲባባሉ ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ዋለ። የጅቡቲን የበጋ ሙቀት የሚያውቅ ሰው፣ በተዘጋ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ እንድንነግረው አይፈልግም።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ከእኛም መካከል አንዱ በቦታው ነበረ፤ እሱም ቢሆን ምን ማድረግ እንደሚገባ አላወቀም። ስለዚህ ጥያቄውን በግልጽ አስቀምጠን እንየው፦ ወንጀል ሳይኖር፣ «ሰውየው ደኅና ይሆን?» በሚል ሥጋት ብቻ፣ ፖሊስ የሰው ቤት ሊገባ የሚገባው መቼ ነው?

ሕጉ ምን ይላል?

አሁን የሚሠራበት የጅቡቲ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሲሆን፣ 12ኛው አንቀጽ ስለ ንብረትና ስለ መኖሪያ ቤት ይናገራል። ሐሳቡ በእኛ ቋንቋ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ መኖሪያ ቤት አይደፈርም። ብርበራም ሆነ የቤት ጉብኝት ሊደረግ የሚችለው ሕግ በወሰነው ሥርዓትና ሁኔታ ብቻ ነው። ይህን የቤት አለመደፈር የሚነካ ርምጃ የሚወሰደውም የጋራ አደጋን ለመከላከል ወይም በሞት አደጋ ላይ ያሉ ሰዎችን ለማዳን ነው።

የመጨረሻዎቹን ቃላት ደግመው ያንብቡልን፤ «በሞት አደጋ ላይ ያሉ ሰዎች» ነው የሚለው። ኪራይ ያልከፈለ ሰው፣ ጎረቤት ያላማረው ሰው፣ «ምን እየሠራ ይሆን?» የተባለለት ሰው አላለም። «የጋራ አደጋ» ሲባልም እሳትና ጎርፍን የመሰለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 የአምቡሊ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ የብዙ ሰው ሕይወት የወሰደበትን ጊዜ ያዩ ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። በዚያን ጊዜ በር ሰብሮ ሰው ያወጣን ፖሊስ ወይም እሳት አደጋ «ወረቀት ይዘሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

አሳቡ ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ የጅቡቲ ሕግ ብዙው ከዚያ የተቀዳ ነውና። የፈረንሳይ የ1799 ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ሌሊት የሰው ቤት እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ ሦስት ነገሮችን ብቻ ለይቶ ነበር፦ የእሳት ቃጠሎ፣ የውሃ መጥለቅለቅ፣ ከቤት ውስጥ የተሰማ ጥሪ። ሦስተኛው ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው። ከውስጥ «ድረሱልኝ» ያለ ሰው ቤቱን ራሱ ከፍቷል ማለት ነው፤ በሩ ቢቆለፍም።

በአገራችንም ሕጉ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ብርበራ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላዘዘ በቀር ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሆን ይደነግጋል። ያለ ትእዛዝ የሚገባባቸው ሁኔታዎች አሉት፤ ነገር ግን እነዚያ ወንጀለኛን ስለመከተልና ስለተፈጸመ ወንጀል የሚናገሩ ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 ቤትን ከብርበራ ይጠብቃል። በሌላ በኩል የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ ሕይወቱ በአደጋ ላይ ያለን ሰው ራስን ለአደጋ ሳያጋልጡ ሊረዱት እየቻሉ ትቶ መሄድን ያስቀጣል። ፈረንሳይም ከ1941 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አላት። እንግዲህ አንዱ ሕግ «አትግባ» ይላል፤ ሌላው «ዝም ብለህ አትለፍ» ይላል። ፖሊሱም ጎረቤቱም የሚቆሙት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

«የእኛ መጠለያ ቤት ይባላል ወይ?» የሚሉን አሉ። ይባላል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2002 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 17 ቤትን ይጠብቃል። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴም በ1988 ባወጣው ማብራሪያ፣ ቤት ማለት ሰው የሚኖርበት ወይም የዘወትር ሥራውን የሚያከናውንበት ቦታ ነው ብሏል። ስለዚህ በባልባላ ያለች የቆርቆሮ ክፍል፣ በአሊ አዴ ወይም በሆል ሆል ያለ የሸራ መጠለያ፣ በካርቲዬ ውስጥ ስድስት ሰው የሚያድርበት ሰገነት ሁሉ ቤት ነው። ሸራን ለመግለጥ መዶሻ አያስፈልግም፤ ይህ ግን ማንም እንዲገልጠው ፈቃድ አይሰጥም።

ምን ዓይነት ምልክት ይበቃል?

ይህ ነው ከባዱ። ፖሊስ ከበር ውጭ ቆሞ ውስጡን ማየት አይችልም፤ ማመን ያለበት በምልክት ነው። የሰው ማቃሰት ወይም ጩኸት፣ ከበር ሥር የሚወጣ ጭስ፣ በመስኮት የታየ የወደቀ ሰው፣ ደም፣ ወይም ደግሞ እያንዳንዱ ነገር ብቻውን ትንሽ ሆኖ አንድ ላይ ሲደመር የሚያስፈራ ነገር። የጋሼ ጉዳይ የዚህ የመጨረሻው ዓይነት ነበር። ጀሪካኑ ባዶ ነው፤ በሩ የተዘጋው ከውስጥ ነው፤ ስልካቸው ሲደወል ከክፍሉ ውስጥ ይጮኻል፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ደም ብዛት እንዳለባቸው ሰው ያውቃል፤ ቀኑም እጅግ ሞቃት ነው። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ተኝተው ይሆናል» ይባላል። ስድስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን መጠበቅ ራሱ አደጋ ነው።

ከሰልንም አንርሳ። ምግብም ቡናም በከሰል የምናፈላ ሰዎች ነን። በጠባብና በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። እናትና ልጅ ማታ ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ጧት ካልተነሡ «ይተኙ» የሚባልበት ጊዜ አይደለም።

በቂ የማይሆነውንም እንናገር። ትልቅ ሰው በሩን ዘግቶ «ተዉኝ፣ ሰው ማየት አልፈልግም» ቢል መብቱ ነው። ስደት ስንቱን ሰው ዝምተኛ እንዳደረገው እናውቃለን። ዘመድ ከውጭ አገር ደውሎ «ወንድሜ ስልክ አላነሣም አለኝ፣ ፖሊስ ላኩልኝ» ቢል፣ ይህ በር ለማንኳኳት ይበቃል፤ በር ለመስበር ግን አይበቃም። ፖሊሱ አንኳኩቶ ሰውየው በሩን ከፍቶ ደኅና መሆኑን ከተናገረና ደኅና መሆኑም ከታየ ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ። ራሱን ሊያጠፋ እንደሆነ የተናገረ ሰው ግን «ተዉኝ» ማለቱ ብቻውን አያስመልስም፤ ያ የሞት አደጋ ነው።

በሌላው ዓለምም ይህ መስመር ሲያከራክር ኖሯል። እንግሊዝ በ1984 ባወጣችው ሕግ ፖሊስ «ሕይወትን ወይም አካልን ለማዳን» ያለ ትእዛዝ እንዲገባ ፈቅዳለች፤ በ2010 ግን ፍርድ ቤት «ስለ ደኅንነቱ አሳስቦን ነው» ማለት ብቻውን ይህን መመዘኛ አያሟላም ሲል ወስኗል። በአሜሪካ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 ባየው ጉዳይ፣ ፖሊሶች በመስኮት አሻግረው አንድ ልጅ አንዱን ጎልማሳ ሲመታውና የተመታው ደም ሲተፋ አይተው ስለገቡ ትክክል ናቸው አለ። በ2021 ደግሞ፣ ሚስት ስለ ባሏ ተጨንቃ ፖሊስ ብትጠራ፣ ባልየው ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ከሄደ በኋላ ፖሊሶች ቤቱ ገብተው የጦር መሣሪያውን በመውሰዳቸው፣ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ «ኅብረተሰቡን እንንከባከባለን ማለት ብቻውን ቤት አያስገባም» ብለዋል። በመጀመሪያው ጉዳይ የሚድን ሰው በቤቱ ውስጥ ነበረ፤ በሁለተኛው ግን ሰውየው ወጥቶ ሄዶ ነበር።

በር የሚከፍተውና አደጋ ላይ ያለው ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ

እስካሁን የተናገርነው ብቻውን ስለሚኖር ሰው ነው። ለብዙ እህቶቻችን ግን ነገሩ የተለየ ነው። በዚህ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ እዚያው የሚያድሩ ኢትዮጵያውያት ብዙ ናቸው። አንዳንዷ ወረቀቷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ አንዳንዷ በሩ ከውጭ ይቆለፍባታል። እንዲህ ያለች ልጅ ለሳምንታት ድምፅዋ ቢጠፋና ጓደኞቿ ፖሊስ ቢያመጡ፣ በሩን የሚከፍተው የቤቱ ባለቤት ነው። እሱም «ደኅና ናት፣ ሥራ ላይ ናት» ይላል።

በእኛ አስተያየት ፖሊሱ በዚህ መልስ ተመልሶ መሄድ የለበትም። ደኅንነቱ የተጠየቀው ሰው ራሱ ነው መታየት ያለበት። ልጅቱ ወደ በሩ ትምጣ፤ ከአሠሪዋ ራቅ ብላ፣ በምትሰማው ቋንቋ፣ «ደኅና ነኝ» ወይም «ውሰዱኝ» ትበል። «አትመጣም» ከተባለ፣ ያ እምቢታ ራሱ ከምልክቶቹ አንዱ ነው፤ ከጩኸት፣ ቀድሞ ከታየ ቁስል፣ ከውጭ ከተቆለፈ በር ጋር ሲደመር ለመግባት ምክንያት ይሆናል ብለን እናምናለን። የባልና ሚስት ጠብም እንዲሁ ነው። «የቤታችን ጉዳይ ነው» የሚለው ባልየው ከሆነ፣ ሚስትየዋ ምን እንደምትል መጠየቅ አለባት፤ የቤት አለመደፈር መብት የእሷም ጭምር ነውና። ይህን ስንጽፍ አንዳንድ አባቶች እንደሚቀየሙን እናውቃለን።

ስለ ፍርሃታችን

ፖሊስ መጥራት ለምን እንደሚከብደን መሸፋፈን አያስፈልግም። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቤት ለቤት የተደረገውን አሰሳ ያስታውሳሉ፤ በዚያን ጊዜ በር ሲንኳኳ ለደኅንነት አልነበረም። እዚህም ጅቡቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ወረቀት የሌለው የውጭ አገር ሰው ሁሉ እንዲወጣ ሲታዘዝ፣ ስንቱ ዕቃውን በራሱ ላይ ተሸክሞ እንደወጣ፣ ስንቱም ወደ አውር አውሳ እንደተወሰደ ያየ ያውቀዋል። ከዚያም ወዲህ አፈሳና ናጋድ የሚሉት ቃላት ከአፋችን አልጠፉም። ስለዚህ ያቺ እናት «ማንን ልታሳፍስ ነው?» ማለታቸው ከምንም የመጣ አይደለም።

ሆኖም ሕጉ ሁለቱን ነገሮች እንደሚለይ ማወቅ ይጠቅማል። ሰው ለማዳን መግባት አንድ ነገር ነው፤ መበርበር ሌላ ነገር ነው። በሞት አደጋ ምክንያት የገባ ፖሊስ የታመመውን ሰው ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ ለሕክምና አስረክቦ ነው የሚወጣው። ሻንጣ ለመክፈት፣ በጎን ያሉትን ክፍሎች ለማየት፣ የግቢውን ሰው ለማሰለፍ ሌላ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ብለን ቃል አንገባም፤ ሊሆን የሚገባው ግን ይህ ነው። የተመዘገበ ስደተኛ ወይም ጥገኝነት ጠያቂ ወረቀቱን ሲጠየቅ ማሳየት አለበት። ወደ ተሰደደበት አገር በግድ እንዳይመለስም የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 33፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግም ይጠብቀዋል። ወረቀቱን በሣጥን ቆልፎ ከማስቀመጥ ቅጂውን በኪስ መያዝ ይሻላል።

ፖሊስ መጥራት ለሚከብደውም ሌላ መንገድ አለ። በጅቡቲ የፖሊስ ቁጥር 17 ነው፤ የእሳት አደጋ ቁጥር ደግሞ 18 ነው። ጉዳዩ ሕመም፣ መውደቅ፣ ጭስ ከሆነ ቀድመው 18ን ይደውሉ። በር መክፈቻ መሣሪያ ያላቸው እነሱ ናቸው፤ ሥራቸውም ሰው ማውጣት ነው። ጠብ፣ ድብደባ፣ የታሰረ ሰው ከሆነ ግን ፖሊስ ሳይኖር አይሆንም። በካምፕ ያላችሁ ደግሞ ወደ ዣንዳርሞቹ ከመሄዳችሁ ጋር ለጤና ጣቢያውና ለስደተኛ ኮሚቴው ቶሎ አስታውቁ።

ስትደውሉ እውነቱን ብቻ ተናገሩ። ቶሎ እንዲመጡ ብሎ «ሌባ ገብቷል» ወይም «ሰው እየተገደለ ነው» ማለት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ሰው ለማዳን የሚመጣና ሌባ ለመያዝ የሚመጣ ፖሊስ እጁን የሚያሳርፈው በተለያየ ነገር ላይ ነው። በአሜሪካ ፎርት ዎርዝ በምትባል ከተማ በጥቅምት 2019 አንድ ጎረቤት ሌሊት የጎረቤቱ በር ክፍት ሆኖ ስላየ «ደኅና መሆናቸውን እዩልኝ» ብሎ ደወለ። የመጣው ፖሊስ ፖሊስ መሆኑን ሳይናገር በጓሮ ዞሮ፣ በመስኮት በኩል የቤቱን ልጅ ተኩሶ ገደላት። በታኅሣሥ 2022 ተፈርዶበት ከ11 ዓመት በላይ ታሰረ። ወደዚያ አገር ለሠፈራ የምትጠባበቁ ይህን በልባችሁ ያዙ። ከዚህ የምንረዳው አንኳኩቶ፣ ስምን ጠርቶ፣ ማን እንደሆኑ ተናግሮ፣ መልስ ጠብቆ መግባት ለወግ ያህል የሚደረግ ነገር አለመሆኑን ነው።

ፈረንሳይኛ ለማትችሉ እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች በቃል መያዝ ይጠቅማችኋል። «ኢል ኤ ማላድ» ማለት ታሟል ነው፤ ሴት ከሆነች «ኤል ኤ ማላድ»። «ኢል ነ ሬፖን ፓ» ማለት አይመልስም ማለት ነው። «ኢልያ ኬልካን አ ላንቴሪየር» ማለት ውስጥ ሰው አለ ነው። በሶማልኛ «ዉ ቡካ» ብትሉ ታሟል ማለታችሁ ነው። የሰፈራችሁን ስም፣ በአቅራቢያ ያለውን መስጊድ ወይም ሱቅ ጨምሩ። የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር ያለ ምልክት መፈለግ ጊዜ ይፈጃል፤ አንድ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቃቸው።

በሩ ሲከፈት ሁለት ታማኝ ሰዎች፣ ቢቻል አንዱ የቤቱ አከራይ፣ ቆመው ይዩ። አገራችን ሳለን ዕድር ይህን ያደርግልን ነበር። ማን ገባ፣ ምን ተገኘ፣ በስንት ሰዓት የሚለውን በወረቀት ላይ አስፍሩ። በሩ ከተሰበረ ሰውየው እስኪመለስ ቆርቆሮ ምቱበት፤ ዕቃው በሌላ ሰው ክፍል አይበተን።

ወደ ጋሼ ጉዳይ እንመለስ። ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አከራዩ፣ የጅቡቲ ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ፣ የውሃ ሒሳብ ሊጠይቁ መጡ። ነገሩን ሲሰሙ ማንንም ሳያማክሩ ስልካቸውን አወጡ። እሳት አደጋዎቹ ሲደርሱ ከእነርሱ ጋር አንድ ፖሊስ ነበረ። ሦስት ጊዜ አንኳኳ፤ ስማቸውን ጠይቆ በስማቸው ጠራቸው፤ ከዚያ የመቆለፊያው ማጠፊያ በብረት ተነቀለ። ጋሼ ከአልጋቸው ሥር ወድቀው፣ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ግን በሕይወት ተገኙ። ፖሊሱ «የማን ዘመድ ነው አብሮ የሚሄድ?» ብሎ ጠየቀ እንጂ የማንንም ወረቀት አልጠየቀም። አብራቸው ሆስፒታል የሄዱት ያቺው «ማንን ልታሳፍስ ነው?» ያሉት እናት ናቸው።

ጋሼ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ሐኪሙ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ እጃቸው የተሻለ ይሆን እንደነበር ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን ይህን በግቢው ሰው ፊት አያነሡም። የክፍላቸው ሁለተኛ ቁልፍ አሁን እኚያው እናት ዘንድ፣ ከምጣዱ በላይ ባለው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።